የፊት እግሯን ማስፋት

የቤተ እስራኤል በዓል የስግድ ሰሞን ነበር። እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ፣ ኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ጎማ ቤት ደጃፍ (እዚያ «ፓንቸርያ» ይሉታል፤ አዲስ አበባ ቢሆን ጎሚስታ) አንድ ወጣት ከቢኤምደብሊው ኤም 2 መኪናው አጠገብ ቆሞ ይሟገታል። የኋላ ጎማዎቹ 265 ሚሊ ሜትር፣ የፊቶቹ 245 ናቸው። «ፋብሪካው ከፊት ለምን ሰሰተብኝ?»

ፋብሪካው አልሰሰተበትም፤ ፈርቶለት ነው። ከፊት የጠበበች መኪና ኩርባ ላይ ከልክ በላይ ስትፈጥን ቀድሞ የሚከዳት አፍንጫዋ ነው፤ መሪው ቢዞርም ወደ ውጭ ትሄዳለች። የደነገጠ ሾፌር ነዳጁን ይለቃል፣ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ ጎማውም መልሶ መሬት ይነክሳል። ፊቷ ሲሰፋ አፍንጫዋ ታዛዥ ትሆናለች፤ ያው ድንጋጤ ግን አሁን ጭራዋን ሊያስወጣት ይችላል።

ፋብሪካ ራሱ የሚያሰፋበት ጊዜም አለ። በ2021 የወጣችው ኦዲ አርኤስ 3 ከፊት 265፣ ከኋላ 245 ታጠልቃለች። አምስት ሲሊንደር ሞተሯ አፍንጫዋን ስለሚያከብደው ነው።

ጸሐፊውን እንቅልፍ የሚነሳው ግን ሌላ ነገር ነው፦ «ሰፊ ጎማ ብዙ መሬት ይነካል» የሚለው እምነት። አንድ የፊት ጎማ 360 ኪሎ ተሸክሟል እንበል። አየሩ በካሬ ሴንቲ ሜትር 2.4 ኪሎ ቢገፋ፣ መሬት የሚነካው ጎማ በግምት 150 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከአንድ ሰው መዳፍ ከነጣቶቹ እምብዛም አይበልጥም። ጎማው ሰፋም ጠበበም ክብደቱና አየሩ ያው ከሆኑ የሚነካው መሬት መጠን ብዙም አይለወጥም። የሚለወጠው ቅርጹ ነው። ሊጡ ያው ነው፤ ወደ ጎን ሲለጠጥ ርዝመቱ ያጥራል። 21 ሴንቲ በ7 የነበረው 25 በ6 ይሆናል። ጥቅሙም ያለው እዚህ ማጠሩ ላይ ነው፤ ኩርባ ላይ ላስቲኩ ከንክኪው የፊት ጫፍ ወደ ኋላ ባለፈ ቁጥር እየተጠማዘዘ ይሄድና በመጨረሻ ይንሸራተታል። መንገዱ አጭር ሲሆን ሳይንሸራተት ያልፋል፤ መሪውም ቶሎ ይመልሳል።

ዝናብ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰፊው ጎማ ውሃውን ወደ ጎን ገፍቶ ለማስወጣት ይቸገራል፣ ቶሎም ይንሳፈፋል። ናታንያ በጋውን ሙሉ ደርቃ ከርማ የመጀመሪያው ዝናብ፣ ዮሬ የሚሉት፣ ሲመጣ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ሳሙና ይሆናል። በዚያ ቀን ባሕሩን ታኮ በሚሄደው መንገድ ቁጥር 2 ላይ ሰፊና ያለቀ ጎማ ይዞ መጋለብ ድፍረት አይባልም።

ለሰፊው ጎማ ቸርኬውን በዓይን ለክቶ የሚገዛም አይጠፋም። ቸርኬ በአንድ ኢንች ሲሰፋ 12.7 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ፣ ያንኑ ያህል ወደ ውጭ ይገፋል፤ በጀርባው የተቀረጸው የኢቲ ቁጥር (ቸርኬው ምን ያህል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚቀመጥ የሚናገረው) ካልታየ በውስጥ አሞርዛተሩን፣ በውጭ ፓራፋንጎውን ይልሳል።

ወጣቱ የመኪናውን ፈቃድ አወጣ። እስራኤል ውስጥ የፊትና የኋላ ጎማ ልክ እየተለየ እዚያው ላይ ይጻፋል። ጎማ ሠሪው ጣቱን 245 ላይ አሳርፎ፣ «የመኪናህ ዓመታዊ ምርመራ፣ ቴስትህ፣ መቼ ነው?» አለው።

«በሚመጣው ሳምንት።»