«ምን እጠቅማለሁ?»

ባለፈው እሑድ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው አውራ መንገድ ዳር፥ በጊንጪ ከተማ፥ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሁለት ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ጋር ሻይ ይዘን ተቀምጠን ነበር። አንደኛው የሚያልፈውን መኪና በዓይኑ እየተከተለ፥ «ሰው ሁሉ በዚህ ያልፋል፤ የቀረነው እኛ ነን። ይህን ያህል ዘመን የተማርነው ፋይል ለማገላበጥ ኖሯል? ለመሆኑ እዚህ ተቀምጬ ምን እጠቅማለሁ?» አለ። ሁለተኛውም፥ «እኔስ ዝውውር ጠይቄአለሁ፤ እስኪመጣ ቀን መቁጠር ነው» ሲል መለሰለት። እኛም ከትምህርት ቤት የወጣነው በቅርቡ ነውና ጥያቄው የራሳችን ሆነብን።

በዚህ ጊዜ፥ ይኸው መንገድ በሚያደርሰን በነቀምት ያረፉት ኦኔሲሞስ ነሲብ ትዝ አሉን። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። በልጅነታቸው የባሪያ ነጋዴዎች ሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ሸጧቸው። በመጨረሻ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥተው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩና፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቁ። ያን ጊዜ የተቀበሉት ስም ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የምናገኘው የዚያ አገልጋይ ስም ነው፤ ትርጓሜውም «የሚጠቅም» ማለት ነው።

ስዊድን ተምረው በ1881 ሲመለሱ ምኞታቸው ወደ ወገኖቻቸው ሄዶ ማስተማር ነበር። ነገር ግን ሞክረው መንገዱ አልሆነላቸውምና ነቀምት የገቡት በ1904 ነው። እንግዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ያለፈው በመጠበቅ ነው። እሳቸው ግን ቀን ሲቆጥሩ አልተቀመጡም። እንደ እሳቸው ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር፥ ቃል በቃል እየለቀሙ፥ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሱት። በ1899 በግዕዝ ፊደል ታትሞ ወጣ። አገራቸው ከገቡም በኋላ ተከሰሱ፥ ማስተማርም ተከለከሉ፤ ቢሆንም በ1931 እስኪሞቱ ድረስ አገልግሎታቸውን አልተዉም።

በልባቸው የነበረውን እርካታ እኛ ልንመሰክር አንችልም። አንድ ነገር ግን እንማራለን። የክርስትና እምነት የሚጠይቀን «የት ደረስህ?» ብሎ ሳይሆን «በተሰጠህ ምን ሠራህበት?» ብሎ ነው። በወንጌሉ ምሳሌ አንዱን መክሊት የቀበረው ሰው የተወቀሰው ድርሻው ስላነሰ አይደለም፤ ስለ ቀበረው ነው። ሹመት የሚያመጣው ደስታ ከሹመቱ ጋር ይሻራል፤ ለእግዚአብሔር ብለው ለሰው የሠሩት ግን ተመልካች ባይኖረውም አይባክንም።

ይህን ስንጫወት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቀርበው፥ አዲስ አበባ ከሐኪም ቤት የተሰጣቸውን በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ዘረጉልን። ዝውውር የጠየቀው ወዳጃችን ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላቸው፤ ወረቀቱንም አንብቦ በኦሮምኛ አስረዳቸው። መድኃኒቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚዋጥ ሁለት ጊዜ ደገመላቸው። ሽማግሌው መርቀውት ሄዱ። እሱም ሻይው ቀዝቅዞ ነበርና ሌላ አዘዘ፤ ያን ቀን ስለ ዝውውሩ ዳግመኛ ሲያነሣ አልሰማነውም።