ስለ ምርጥ መምህር ሽልማት የሚባለውና እውነታው

ሐዋሳም ሆነ ሌላ ከተማ፣ «እኔ ምን አስጨነቀኝ፣ ሥራዬ ይናገራል» የሚል የዩኒቨርሲቲ መምህር አይጠፋም። አባባሉ ጨዋነት አለው። ነገር ግን ተሸላሚውን የሚመርጠው ኮሚቴ ክፍሉ ገብቶ አያውቅም፤ የሚያየው የቀረበለትን ወረቀት ነው። የዕጩነት ፋይል ከምስጋና ደብዳቤ ይልቅ ወደ ፍርድ ቤት መዝገብ የሚጠጋው ለዚህ ነው፤ ማስረጃ ያልተያያዘበት ቃል ዋጋ የለውም።

የሚባለው፦ ለራስ ዕጩነት መድከም ነውር ነው።
እውነታው፦ ጠቋሚው ሌላ ሰው ቢሆንም የኮርስ ዕቅዱ፣ የታረመው ፈተናና የተማሪዎቹ ሥራ ያለው በመምህሩ እጅ ነው። እሱ በይሉኝታ ዝም ካለ ጠቋሚው «ታታሪ፣ ቅን፣ ሰው አክባሪ» ከማለት ሌላ የሚጽፈው የለውም፤ ይህ ደግሞ ለሁሉም ዕጩ የሚባል ነው። መጠቆም የሚችለው ዲን ወይም የትምህርት ክፍል ኃላፊ ብቻ ነው የሚለውም ሁሉም ዘንድ አይሠራም። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት በመምህርነት ዘርፍ ዕጩዎችን የሚያገኘው ከሕዝብ ጥቆማ ነው።

የሚባለው፦ ተማሪዎች በግምገማ ከፍተኛ ነጥብ ከሰጡት አለቀ።
እውነታው፦ ተማሪ በሴሚስተሩ መጨረሻ የሚሞላው ቅጽ ከንቱ ነው አልልም። መምህሩ በሰዓቱ መግባቱን፣ ፈተና አርሞ በጊዜ መመለሱን ከተማሪው በላይ የሚያውቅ የለም። መማር አለመማሩን ግን ቅጹ አይነግረንም። ስኮት ካሬልና ጄምስ ዌስት በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ለመምህራን በዕጣ የሚደለደሉበትን የአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ መርምረው ነበር። በጀማሪው የካልኩለስ ኮርስ ከተማሪዎቻቸው ጥሩ ነጥብ ያገኙት መምህራን፣ ልጆቹ ቀጣዩ ከበድ ያለ ኮርስ ላይ ሲደርሱ ወደ ኋላ ቀርተውባቸዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የሃርቫርድ የፊዚክስ ክፍል ጥናትም እንዲሁ የሚገርም ነው፤ እየተወያዩና ጥያቄ እየሠሩ የተማሩት ተማሪዎች የበለጠ አውቀው ሳለ፣ የተማሩት ግን ያነሰ መስሏቸው ነበር። ተማሪውን የሚያለፋ መምህር ነጥቡ ዝቅ ሊል ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የግምገማው ውጤት ቅጹን ከሞሉት ተማሪዎች ቁጥር ጋር በአንድ መስመር ይግባ፤ የቀረው ገጽ ተማሪዎቹ መሥራት የቻሉትን ያሳይ።

የሚባለው፦ የድጋፍ ደብዳቤ ከትልቅ ሰው ሲመጣ ይከብዳል።
እውነታው፦ ማኅተሙ ያምራል፤ ባለማኅተሙ ግን ክፍል ውስጥ አልነበረም። ወንዶ ገነት ላይ የደን ልኬት የሚያስተምር መምህር አለ እንበል። የቆመ ዛፍ ውፍረት የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ ነው፤ ቦታው ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ቁመቱ የሚነሳው ከላይኛው በኩል ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማለፍ ይቻላል። አንድ የቀድሞ ተማሪ ግን እንዲህ ብሎ ቢጽፍስ፦ «አንዱን ዛፍ ሁላችንም በየተራ እንድንለካና ሳንነጋገር ቁጥራችንን እንድንጽፍ አደረገን። ሲነበብ የአንዱ ከሌላው አልገጠመም። ከግንዱ ሥር ያበጠው ላይ የለካ አለ፣ ሜትሩን አዘንብሎ ያዞረ አለ፣ ከታች በኩል የቆመ አለ። ስህተቱን ራሳችን ለቅመን አወጣነው። ዛሬ ለደን ቆጠራ ስወጣ መጀመሪያ የማየው የት እንደቆምኩ ነው።» እንዲህ ያለ ደብዳቤ ማኅተም አያስፈልገውም።

የሚባለው፦ የምርምር ጽሑፍ የበዛለት ያሸንፋል።
እውነታው፦ ጽሑፉ ለደረጃ ዕድገት ይጠቅማል። እዚህ ግን ሽልማቱ ለማስተማር ነው።

የሚባለው፦ ያለፈውን ተሸላሚ ፋይል መቅዳት ይበቃል።
እውነታው፦ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲቋቋም የግብርና፣ የደንና የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችን አዋህዶ ነው፤ ሙያው ሲለያይ ማስረጃውም ይለያያል። ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የሚያስተምር ሐኪም ማስረጃው የተማሪው የመጀመሪያ ሳምንትና የመጨረሻ ሳምንት የሕመም ታሪክ አወሳሰድ ሊሆን ይችላል፤ የሒሳብ መምህር ይህን ከየት ያመጣል?

የሚባለው፦ ጥሪው ሲወጣ በሁለት ሳምንት ይደርሳል።
እውነታው፦ ደብዳቤው ይደርስ ይሆናል፤ «በፊት እንዲህ ነበሩ» የሚያሰኘው ወረቀት ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። የሚያጽናናው፣ ኤችዲፒ የተባለውን የመምህራን ሥልጠና የወሰደ ሁሉ ፖርትፎሊዮ አዘጋጅቷል፤ በክፍሉ ያየውን ችግርና የሞከረውን መፍትሔ ጽፏል። ብዙዎች ሰርተፍኬቱን ፋይሉ ላይ አያይዘው ፖርትፎሊዮውን መሳቢያ ውስጥ ይተዉታል፤ መሆን የነበረበት ግን ተቃራኒው ነው። ለሌላው ማስረጃ፣ በሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንት አጭር ጥያቄ መስጠት፣ ወረቀቱን ለተማሪዎቹ ከመመለስ በፊት ጥቂቱን ፎቶ ማንሳት፣ መጨረሻ ላይ ያንኑ መድገም ይበቃል። የተማሪው ፈቃድ ይጠየቅ፤ ስሙና የመታወቂያ ቁጥሩም ይሸፈን።