በባሮ ዳር፣ በመርከቡ ቤት

በጋምቤላ ሰው ሰውን የሚጠይቀው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 500 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀን ከጥላ የሚወጣ ሰው የለም ለማለት ይቻላል። ማታ ግን የባሮ ነፋስ ይነሣል፤ ወንበሩም ሁሉ ከማንጎው ሥር ወደ ወንዙ ዳር ይዛወራል። እኛም በአንድ መሥሪያ ቤት የምንሠራ አራት ወዳጆች፣ ከሥራ ውጭ አንድ ቀን እንኳ በአንድ ገበታ አለመቀመጣችንን አስታውሰን፣ በበዓለ ኀምሳ በአንዱ ረቡዕ ምሽት ለመውጣት ተቀጣጠርን። ረቡዕ መሆኑ የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም ያስታውሷል።

ከአራታችን በዕድሜ የሚበልጡት አኙዋ ናቸው፤ ሁለተኛው ኑዌር ነው፤ ሦስተኛው በቅርቡ ከጎሬ የመጣ ወጣት ነው፤ አራተኛው እኔ የጎጃም ሰው ነኝ። ወዳጅን በትውልድ መቍጠር በሌላ ስፍራ ነውር ቢሆንም፣ በጋምቤላ ማታ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ሳያስብ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በጀመረው ግድያ በመቶዎች የሚቈጠሩ አኙዋዎች ሲያልቁ፣ ከገዳዮቹ መካከል ወታደሮችም፣ ከደጋ የመጡ የከተማው ነዋሪዎችም ነበሩበት፤ ይህን ሳልሸሽግ የምጽፈው እኔም ከደጋ የመጣሁ ስለ ሆንሁ ነው። በጥር 2008 ዓ.ም. አኙዋና ኑዌር ተጋጭተው ደም ፈሰሰ። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ታጣቂዎች ገብተው ከተማይቱ ስትተኰስባት ዋለች። ከእንዲህ ያለው ቀን በኋላ ሰው ወደየሰፈሩ ይሰበሰባል፤ ኑዌሩ ወደ ኒውላንድ፣ ሌላውም ወደየወገኑ፤ ቀን በመሥሪያ ቤት አብሮ የሣቀ ማታ አይፈላለግም።

ባለቤቴ «ማን ማን ናችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስነግራት ጥቂት ዝም አለችና «የኒውላንዱ ልጅ በሌሊት በምን ይመለሳል?» አለች። እኔ ግን ይህን ከቶ አላሰብሁበትም ነበር።

ወጣቱ የመረጠልን ቤት አዲስ የተከፈተ ነው። ባለቤቱ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሲሆን፣ ቤቱን በጥንቱ የባሮ መርከብ አምሳል አሠርቶታል። መጠጡ የሚቀዳበት ባንኮኒ የመርከብ ቅርጽ አለው፤ አስተናጋጆቹ የመርከበኛ ቆብ ደፍተዋል፤ በግድግዳው ላይ አሮጌ ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል። ኮክቴል የሚባለው ድብልቅ መጠጥም ስሙን ያገኘው መርከቡ ከሚያልፍባቸው ወደቦች ነው፤ ከኢታንግ ተነሥቶ፣ በናሲርና በማላካል አልፎ፣ ካርቱም ይደርሳል፤ ወንዙን በተከተሉ መጠን ዋጋውም ኀይሉም ይጨምራል።

ቤትን ሌላ ስፍራና ሌላ ዘመን አስመስሎ ድብልቅ መጠጥ መሸጥ አዲስ ነገር አይደለም። በ1926 ዓ.ም. በአሜሪካ ሆሊዉድ የተከፈተው የዶን ዘ ቢችኮምበር ቤት፣ በቀርከሃና በደሴት ጌጥ ተሸልሞ ሩም የተቀላቀለበትን መጠጥ ይሸጥ ነበር፤ ብዙዎችም እሱን አስመስለው ከፈቱ። በአዲስ አበባም እንደ ዮድ አቢሲንያ ያሉት የባህል ምግብ ቤቶች ለእንግዳ የብሔረሰቦችን ጭፈራ ያሳያሉ። ኑዌሩ ወዳጃችን ለትምህርት አዲስ አበባ ሳለ፣ ከእንዲህ ያሉት ቤቶች በአንዱ ቍጭ ብሎ የጋምቤላን ጭፈራ እንዳየ አጫወተን። «ከጨፋሪዎቹ አንድም የጋምቤላ ልጅ አልነበረም፤ ግን ከእኔ ይልቅ ያውቁበታል» ብሎ አሣቀን።

የመርከቡ ነገር ግን ተረት አይደለም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል፣ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ጋምቤላም በዚህ ወደብ ሆነች። ወንዙ በክረምት ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ተነሥቶ፣ በነጭ ዓባይና በሶባት አድርጎ ይመጣል፤ ጨርቅና ጨው አራግፎ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭኖ ይወርዳል። ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

አኙዋው ወዳጃችን ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ነጋዴዎች አሉ፤ መርከቡ አለ፤ የጉምሩኩ ቤት አለ። ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ «አባቴ በዚህ ወደብ የቡና ከረጢት ተሸክሟል፤ ፈለግሁት፤ የለም» አሉ። አስተናጋጁ ሰምቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ እሱ ምን ያድርግ!

ወጣቱ ካርቱምን አዘዘ። መልኩ እንደ ጀንበር ግባት ነው፤ የማንጎ ጭማቂና ስኳር ስለሚበዛበት ጕሮሮ አይፋጅም፤ ስለዚህ ጥም እንደሚያረካ ሰው ጨልጦት ሁለተኛ አስቀዳ። እዚህ ላይ ልጆች ያሏቸው አንባቢዎች ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። አስተናጋጁን ብንጠይቀው በአንዱ ብርጭቆ ሦስት መለኪያ አረቄ እንዳለበት ነገረን። አንድ መለኪያ አረቄ የአንድ ጠርሙስ ቢራ ያህል አልኮል ስላለው፣ ልጁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስድስት ቢራ ጠጣ ማለት ነው። ጠጅና አረቄ በጣዕማቸው ያስጠነቅቃሉ፤ ይህ ግን በስኳር ተሸፍኖ ይገባል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ የእኛ ወጣት ግን 24 ዓመቱ ነውና ሕጉ አይደርስለትም።

ኑዌሩ ወዳጃችን ያለ አረቄ የማንጎ ጭማቂ ብቻ አዘዘ። ወጣቱ ሊያሾፍበት ሲጀምር፣ «ሰክሬ በሌሊት የምሄድበት መንገድ የለኝም» አለው። ሣቁ እዚያው ቀረ።

ከዚህ በኋላ የባሮ ዓሣ ተጠብሶ መጣ፤ ስለ ዓሣው ጣዕም ብዙ ባልናገር ይሻላል፣ የቀመሰው ያውቀዋል። ኑዌሩ ኮፕ እንዳለ ጠየቀ፤ የለም ተባለ። ዓሣውን ከአንድ ሳሕን እየበላን ሳለ፣ ማን እንደ ጀመረው አላስታውስም፣ የጥር 2008 ነገር ተነሣ። አኙዋው ሽማግሌ ልጆቻቸውን ከአልጋ ሥር አስተኝተው በበሩ ተደግፈው ማደራቸውን ተናገሩ። ኑዌሩ ሳሕኑን እያየ ቆየና «እኔም ከአልጋ ሥር ነው ያስተኛኋቸው» አለ። «ስንት ነበሩ?» አሉት። «ሦስት።» «የእኔ አራት።» ከዚያ በኋላ የሁለቱ ልጆች ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሱ ይጠያየቁ ጀመር፤ እኔና ወጣቱም ዝም ብለን አደመጥን። ከታች ወንዙ በጨለማ ይሰማል፤ በ1958 ዓ.ም. በዚሁ ወንዝ ይዋኝ የነበረ አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ በአዞ ተበልቷልና፣ ወደ ውሃው የወረደ እንግዳ አልነበረም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ተነሣን። ወጣቱን ደግፈን ከቤቱ በር አደረስነው። ከዚያ ያገኘነው የባጃጅ ነጂ ግን ኒውላንድ የሚለውን ሲሰማ ሞተሩን አጠፋ፤ «እስከ መታጠፊያው አደርሳችኋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በዚህ ሰዓት አልገባም» አለ። ልንቈጣው አልቻልንም፤ እሱም ልጆች ይኖሩታል። ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ቢወርዱ መንገዱ በሌላ በኩል ነው፤ ነገር ግን ቀድመው ባጃጁ ውስጥ ገቡ።

በመታጠፊያው ላይ ወዳጃችን ወረደ፤ ወንድሙም በእጅ ባትሪ ብርሃን ሊቀበለው መጥቶ ነበር። «እርስዎ እዚህ አይቁሙ፣ አባቴ፣ ይሂዱ» አላቸው። ሽማግሌውም «ደውል» ብቻ አሉት። ነጂው ቢቸኵልም፣ ስልኩ እስኪጮህ ድረስ አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅን።

ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ አልተኛችም ነበር። ምን እንደ በላን፣ ቤቱ ምን እንደሚመስል አልጠየቀችኝም።

«ደረሰ?» አለችኝ።

«ደወለ» አልኋት፤ መብራቱንም አጠፋችው።