ራስ ማዞር፤ ምርመራውና ሚዛንን የመመለሻው ልምምድ

ሰው በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ መቆሙና ሳይንገዳገድ መራመዱ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን የሰውነት ሚዛን እንደ ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ የተቀመጠ ነው። አንደኛው ጉልቻ ዓይን ነው፤ ሁለተኛው የጡንቻና የመገጣጠሚያ ስሜት ነው፤ ሦስተኛው በውስጠኛው ጆሮ ተሰውሮ የሚገኘው የሚዛን ክፍል ነው። አንጎል ከሦስቱ የሚመጣለትን ወሬ እያስተያየ ሰውነትን ይመራል። ከሦስቱ አንዱ ሐሰተኛ ወሬ ባቀበለ ጊዜ፥ ሕመምተኛው ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ ቤቱ የሚሽከረከር ይመስለዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ያስመልሰዋልም።

ብዙ ሰዎች ማዞር ሁሉ ከደም ማነስ የመጣ ይመስላቸዋል፤ የክፉ መንፈስ ሥራ ነው የሚሉም አሉ። የደም ማነስና ረኀብ ሰውን ማድከማቸውና ዓይኑን ማጨለማቸው እውነት ነው። ዙሪያው ሁሉ የሚሽከረከርበት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሕመሙ ሥር በጆሮው ውስጥ ነው።

በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች እንደ ቀለበት ተጠምዝዘው ይገኛሉ። ራሳችንን ባዞርን ቁጥር ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፤ ነርቭም ይህን ለአንጎል ያስታውቃል። በአጠገባቸው ባለው ከረጢት ውስጥ ደግሞ እንደ አሸዋ የደቀቁ ጠጠሮች አሉ። በዕድሜ መግፋት ወይም ራስን በመመታት ምክንያት ጠጠሮቹ ተነቅለው ወደ ቱቦው ሲገቡ፥ ሕመምተኛው በአልጋው ላይ ሲገላበጥ ወይም ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ ብርቱ ማዞር ይይዘዋል፤ ብዙውን ጊዜም ከአንድ ደቂቃ በፊት ይተወዋል። የሚዛን ነርቭ በተቈጣ ጊዜ ግን ማዞሩ ሌሊትና ቀን ሳይለይ ለቀናት ይቆያል።

እነዚህ ሁለቱ የሚድኑበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ ምርመራ ይቅደም። በቪየና የተወለደው ሐኪም ሮበርት ባራኒ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ በጆሮ ሲገባ ዓይን ወዴት እንደሚወዛወዝ በመመልከት የሚዛንን ክፍል መመርመር እንደሚቻል አስረዳ፤ የ1914 የኖቤል ሽልማትም ተሰጠው። ሽልማቱ ሲፈረድለት በሩሲያ የጦር ምርኮኛ ነበር። በ1952 ማርጋሬት ዲክስና ቻርልስ ሆልፓይክ የተባሉ የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ሌላ መንገድ ገለጡ። ሐኪሙ የሕመምተኛውን ራስ ወደ ጎን አዙሮ በፍጥነት በጀርባው ያስተኛዋል፤ የዓይኑም መወዛወዝ ጠጠር መኖሩንና በየትኛው ጆሮ እንዳለ ያስታውቃል። ጠጠር ከሆነ፥ አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኤፕሊ በ1992 ባሳተመው ዘዴ የራስን አቀማመጥ በየተራው እየለወጡ ጠጠሩን ወደ ከረጢቱ መመለስ ይቻላል። ብዙ ሰዎች በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ብቻ ይድናሉ።

ነርቭ የተጎዳበት ሰው ግን መዳኛው ልምምድ ነው። በ1940ዎቹ በእንግሊዝ አገር ካውቶርንና ኩክሲ የተባሉ ሐኪሞች፥ ፈጥነው የተንቀሳቀሱ ሕመምተኞች ተኝተው ከቆዩት ቀድመው እንደሚድኑ ተመልክተው የልምምድ ሥርዓት አወጡ። ምክንያቱም አንጎል የቀሩትን ጉልቻዎች አጥብቆ መያዝ የሚማረው በመንቀሳቀስ ነው። ብርቱው ማዞር ከበረደ በኋላ ለሳምንታት መተኛት፥ የማዞር ማስታገሻ መድኃኒትንም ያለ ሐኪም ፈቃድ ማዘውተር ይህን ትምህርት ያዘገየዋል። ሐኪም ከፈቀደ በኋላ የሚደረገው ልምምድ የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ በግድግዳ ላይ አንድ ፊደል ጽፎ መለጠፍ፤ ዓይንን ከፊደሉ ሳያነሡ ራስን ወደ ቀኝና ወደ ግራ፥ ቀጥሎም ወደ ላይና ወደ ታች ለአንድ ደቂቃ ያህል ማንቀሳቀስ፤ ይህንንም በቀን ጥቂት ጊዜ መደጋገም።

2ኛ፤ በግድግዳ አጠገብ፥ ረዳት ሰው ቆሞ ሳለ፥ እግርን አጋጥሞ በመጀመሪያ ዓይንን ገልጦ፥ ኋላም ጨፍኖ መቆም።

3ኛ፤ ራስን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዞሩ በደልዳላ ስፍራ መራመድ።

በመጀመሪያው ሰሞን ማዞሩ ጥቂት ቢነሣ አያስፈራም፤ አንጎል የሚማረው በዚሁ ነው። እጅግ ከበረታ ግን ማረፍና ልምምዱን መቀነስ ይገባል። ማዞሩ እስኪለቅ ድረስም መሰላል ከመውጣት፥ መኪና ከመንዳትና ከምድጃ አጠገብ ብቻን ከመዋል መጠንቀቅ ነው።

ነገር ግን ማዞር ድንገት ተነሥቶ አፍ ከተሳሰረ፥ ፊት ከተጣመመ፥ እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፥ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፥ ብርቱ የራስ ምታት ከመጣ ወይም መቆም ከተሳነ፥ ይህ በአንጎል የደም ሥር ላይ የደረሰ አደጋ ሊሆን ይችላል። ድንገት የጆሮ መደንቆርም ቀጠሮ የሚሰጡት ነገር አይደለም። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል።

መምህራን ሆይ፤ ወለሉ ዞረብኝ የሚልን ተማሪ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትገሥጹት፤ ወላጆቹ ወደ ሐኪም እንዲወስዱት ምከሩ እንጂ። በጎረቤታችሁም ማዞርን ፈርቶ ከአልጋ የዋለ ሰው ቢኖር፥ ተመርምሮ መንቀሳቀስ እንዲጀምር አስረዱት። ሚዛኑን ያጣ ሰው እንደገና መቆምን ሊማር ይችላልና።