ቢላል በመዲና ሲያተኩሰው፦ ግጥም ለታመመ ሰው ምን ያደርጋል?

ሰው ሲታመም ቁርኣን ይቀራለታል፣ ዱዓ ይደረግለታል፣ ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል። ታማሚው ራሱ «መንዙማ አሰኘኝ» ወይም «እገሌ የሚላትን ግጥም አሰሙኝ» ቢል ግን ከጠያቂዎቹ አንዱ «አሁን የግጥም ሰዓት ነው?» ማለቱ አይቀርም። ስለ ናፍቆቱና ስለ ፍርሃቱ ማውራት ሲጀምርም «ሶብር አድርግ» ተብሎ ወሬው ይቆረጥበታል። ይህ ልማድ ከዲናችን የመጣ ይመስለን ይሆናል። ሐዲሱ የሚነግረን ግን ሌላ ነው።

ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በ622 ወደ መዲና ሲሰደዱ ከተማዋ በወረርሽኝ ትኩሳት የታወቀች ነበረች። አየሩ ከመካ ለመጡት ሙሃጂሮች አልተስማማቸውም። አቡበክርም ቢላልም (ረ.ዐ) ታመው ተኙ። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ እንደተላለፈው፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሁለቱንም ልትጠይቅ ገብታ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። አባቷ አቡበክር ትኩሳቱ ሲበረታበት ስለ ሞት ቅርበት የምትናገር ግጥም ይል ነበር። ቢላል ደግሞ ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርገው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሌላ ግጥም ያሰማል።

የቢላል ግጥም ስለ በሽታው አንድም ቃል የለባትም። የምታነሳው የመካን ሸለቆ ነው፤ ዳግመኛ እዚያ አድር ይሆን እያለ ይመኛል። ኢዝኺርና ጀሊል የሚባሉትን ሣሮች፣ የመጀንናን ውሃ፣ ሻማና ጠፊል የተባሉትን ተራሮች በየስማቸው ይጠራል። ዐረብኛ በማስተምርበት ጊዜ ተማሪዎቼ ይህ ቦታ ላይ ሲደርሱ «ኢዝኺር ምንድን ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም ነበር። ከኛ ጠጅ ሣር ጋር የሚዛመድ፣ መዓዛው ደስ የሚል ሣር ነው። የመካ ሰዎች ለቤታቸውና ለቀብራቸው ይጠቀሙበት ስለነበር፣ በሐረሙ ክልል ሣር መቁረጥ ሲከለከል ኢዝኺር ብቻ በዐባስ (ረ.ዐ) ጥያቄ ተፈቅዷል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ቢላል የሚናፍቃት መካ፣ ኡመያ ኢብን ኸለፍ በጋለ አሸዋ ላይ አስተኝቶ ደረቱን በድንጋይ ያስጫነባት ከተማ ናት። የሐበሻው ልጅ ያን ሁሉ አልረሳም፤ በዚያው ሐዲስ ውስጥ ከግጥሙ ቀጥሎ ኡመያንና ባልደረቦቹን ከአገራችን አስወጥተው ለዚህ የበሽታ ምድር ዳረጉን ብሎ ይረግማቸዋል። ናፍቆቱም ቁጣውም ከአንድ አልጋ ላይ ወጣ።

ዓኢሻ ያየችውን ሄዳ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገረቻቸው። እርሳቸው «ሙእሚን ሆኖ እንዴት እንዲህ ያማርራል?» አላሉም። ዱዓ አደረጉ። የዱዓው ቅደም ተከተል ነው እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ፦ በመጀመሪያ አላህ መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ በላይ እንዲያስወድዳቸው ለመኑ፤ ጤናማ እንዲያደርጋትና ትኩሳቷን ወደ ጁሕፋ እንዲያዛውረው የለመኑት ከዚያ በኋላ ነው። የአገር ናፍቆቱን ማንም ሐኪም በእጁ ዳስሶ አያገኘውም ነበር። የታወቀው በግጥሙ ነው፣ መፍትሔም የተለመነው ለእርሱ አስቀድሞ ነው።

ለአላህ ማሰማትና በአላህ ላይ ማማረር ይለያያሉ። ነብዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ሐዘናቸውን ለአላህ ብቻ እንደሚያሰሙ በሱረቱ ዩሱፍ ተናግረዋል። ነብዩ አዩብም (ዐ.ሰ) ጉዳት እንዳገኛቸው ለጌታቸው አሰምተዋል፤ ሆኖም የሶብር ምሳሌ ሆነው ቀሩ።

ከዚያ ወዲህም በሽታ ያስገጠማቸው ብዙ ናቸው። በትዕቢቱ የሚታወቀው ሙተነቢ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ ሲያተኩሰው፣ ትኩሳቱን ሌሊት ብቻ እንደምትመጣ ዓይን አፋር ሴት አድርጎ ገጥሞበታል። ሐኪሙ ሕመሙን በምግብ ሲያመካኝ፣ እርሱ ግን የጎዳኝ አንድ ቦታ ታስሮ መቀመጥ ነው ይላል። ወራት የተኛ ታማሚ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

በሙስሊሙ ዓለም በስፋት የተሰራጨው ግን የኢማም ቡሲሪ «ቡርዳ» ነው። ቡሲሪ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ የኖሩ፣ በጸሐፊነት ሥራ ያገለገሉ ሰው ናቸው። ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆነ። በዚያ ሁኔታ ላይ ሳሉ ከ160 ስንኝ ያላነሰውን ግጥም አዘጋጁና እያነበቡ አላህ እንዲያሽራቸው ለመኑ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሕልማቸው መጥተው እንደዳሰሷቸው፣ ካባቸውንም እንደጣሉባቸው፣ ሲነቁም ድነው እንደተነሱ ራሳቸው ተናግረዋል ተብሎ ይተረካል። «ቡርዳ» የሚለው ስምም ከካባው የመጣ ነው። በአንዳንድ ስንኞቹ ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው፤ ያን ለእነርሱ እተዋለሁ። እኔን የሚስበኝ ግጥሙ የገጣሚውን ሽባነት የሚተርክ አለመሆኑ ነው። የሚጀምረው በናፍቆትና በዕንባ ነው፤ ከዚያ ወደ ነፍስ ተግሣጽ፣ ወደ ነብዩ ውዳሴ ይሻገራል። መንቀሳቀስ ያቃተው ሰው ዓይኑን ከአልጋው አንስቶ ሩቅ ተጓዘ።

በኛም አገር ወሎ ውስጥ ወዳጃ በሚባለው የዱዓ ስብስብ ለታመመ ሰው ሲለመን መንዙማ አብሮ ይባላል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ይህ አደራረግ ለታማሚ የሚመች ይመስለኛል። ትንፋሹ አጭር የሆነበት፣ ረጅም ነገር ማንበብ ያቃተው ሰው፣ ከልጅነቱ የሚያውቃትን አዝማች በከንፈሩ መከተል አያቅተውም። ባይችል እንኳ ሌሎች ይሉለታል።

ታዲያ ልንጠይቅ ስንሄድ ሕክምናውንም ሩቅያውንም ሳናጓድል፣ የትኛውን መስማት እንደሚወድ መጀመሪያ እንጠይቀው። እኛ የመረጥነው ሳይሆን እርሱ የሚናፍቀው ይሁን። ዝምታ ካሰኘውም ዝም እንበል። ቦታው ሆስፒታል ከሆነ ሌሎች ታማሚዎች አሉና በስልክ ማዳመጫ፣ ወይም አጠገቡ ተቀምጦ በዝግታ።