ላሮጌ መሣሪያ አዲስ ዓይን

በወረኢሉ ደጋ የጥቅምት ብርድ ሲገባ፥ ከትምህርት ቤት የወጣ ተማሪ መጀመሪያ የሚፈልገው ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ነው። ከዚያ ተደግፎ የሚያጠና አለ፤ የሚጫወት አለ፤ የደከመ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ነፍስ እስኪዘራ የሚጠብቅም አለ። ባለፈው ጥቅምት ከነዚሁ ልጆች አንዱ፥ የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ የሆነ፥ ከደብተሩ ሥር ግራጫ የፕላስቲክ ሣጥን አውጥቶ አሳየኝ። አክስቱ ከቤይሩት ስትመለስ፥ ትሠራበት በነበረው ቤት ያሉ ልጆች የጣሉትን አንሥታ ያመጣችለት የጨዋታ መሣሪያ ነው። ስሙ ጌም ቦይ ይባላል።

«ቲቸር፥ አራት ድንጋይ ይበላል፤ ድንጋዩ ደግሞ ተወዷል። መስተዋቱም ጨለማ ነው፤ ፀሐይ ካልመታው አይታይም። በስልክ ባትሪ እንዲሠራ፥ መብራትም እንዲኖረው ማድረግ ይቻላል?» አለኝ።

እኔም የአስተማሪ ወጉ ይዞኝ፥ «ፈተናህ እየደረሰ ነው፤ ይህን ተወውና መጽሐፍህን ያዝ» ብዬ አሰናበትሁት። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ የተሳሳተ ነበር። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ያው ስሕተት ነው፤ ልጁ የጠየቀኝን ጥያቄ በብዙ አገር ያሉ የተማሩ ሰዎች ሌት ተቀን ሲደክሙበት የኖሩ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነውና።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። (ስለ ውጭ አገር የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1889 እዚሁ በወሎ ምድር የውጫሌ ውል ሲፈረም፥ በዚያው ዓመት በጃፓን አገር በኪዮቶ ከተማ ኒንቴንዶ የሚባል የመጫወቻ ካርታ የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ተቋቋመ። ልክ በመቶኛው ዓመት፥ በ1989፥ ይኸው ድርጅት ጌም ቦይን ለገበያ አወጣ።

መሣሪያውን ካቋቋሙት መሐንዲሶች ዋነኛው ጉንፔይ ዮኮይ ነበር። ይህ ሰው በ1965 በኒንቴንዶ የተቀጠረው የካርታ መሥሪያ መኪናዎችን እንዲጠግን ነበር። በትርፍ ጊዜው ለራሱ መጫወቻ ብሎ የሠራትን፥ እየተዘረጋች ዕቃ የምታነሣ መቆንጠጫ የድርጅቱ ኀላፊ አይቶ ስለ ወደዳት፥ በ1966 ለገበያ ቀረበች፤ ጠጋኙም ፈልሳፊ ሆነ። የዮኮይ እምነት አዲስና ውድ የሆነውን ነገር ማሳደድ ሳይሆን፥ ያረጀውን፥ የረከሰውንና ጠባዩ በሚገባ የታወቀውን ዕቃ ወስዶ ማንም ባላሰበው ሥራ ላይ ማዋል ነበር።

ጌም ቦይም በዚሁ እምነት ተሠራ። መስተዋቱ በአግድም 160፥ በቁመት 144 ነጥቦች ብቻ አሉት፤ ቀለሙም አራት ዐይነት ጥላ እንጂ ሌላ የለውም። አንጎሉ በሰከንድ ከ4 ሚሊዮን ጊዜ ጥቂት ከፍ ብሎ ይመታል፤ የሥራ ማኅደሩ 8 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ርካሹ ስልክ እንኳ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዘመኑ የተወዳደረው የሴጋ ድርጅት ጌም ጊር መብራትና ሙሉ ቀለም ነበረው፤ ነገር ግን ስድስት ድንጋይ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ውስጥ ይጨርስ ነበር። ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ይሠራል። ድሀውና ቈጣቢው አሸነፈ፤ ከባለ ቀለሙ ታናሽ ወንድሙ ጋራ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ነገር ግን ቍጠባው ያለ ዋጋ አልመጣም፤ ዋጋውም ጨለማ ነው። መስተዋቱ የራሱ ብርሃን ስለሌለው፥ ከውጭ የመጣውን ብርሃን ከጀርባው ባለ አንጸባራቂ ስስ ሽፋን መልሶ ያሳያል። በ2001 የወጣው ጌም ቦይ አድቫንስ እንኳ በብዙ ነገር ሲሻሻል መብራት ሳይገባለት ቀረ፤ ገዢዎችም አጥብቀው አማረሩ። ከዚህ ላይ ነው ተጠቃሚዎች ራሳቸው እጃቸውን ያስገቡበት። በ2002 አፍተርበርነር የተባለ መብራት ከድርጅቱ ውጭ ባሉ ሰዎች ተፈልስፎ ለሽያጭ ቀረበ። የገዛው ሰው ሣጥኑን ከፍቶ፥ ፕላስቲኩን በጥቂቱ ቈርጦ፥ ሽቦውን በስታኞ አያይዞ ራሱ ይገጥመው ነበር። በ2003 ኒንቴንዶ ያወጣው አዲሱ ሞዴል መብራቱን ከውስጡ ይዞ መጣ። ባለቤቶቹ የጐደለውን ጐዶሎ ሠሪው ከመሙላቱ በፊት ሞልተውት ተገኙ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራው እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኗል። አንዳንዶቹ አሮጌውን መስተዋት አውጥተው ለስልክ የሚሠራውን ዐይነት ብሩህ መስተዋት ይተካሉ። ይህ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፤ አሮጌው ማሽን የሚናገረውን ቋንቋ አዲሱ መስተዋት አያውቀውምና፥ በመካከል ሆኖ የሚያስተረጕም አንድ ትንሽ አንጎል ያስፈልጋል። ይህ አስተርጓሚ እያንዳንዱን ነጥብ ያሰፋዋል፤ ሦስት በሦስት፥ ወይም አራት በአራት። ማስፊያው ሙሉ ቍጥር ካልሆነ አንዱ ነጥብ ሰፊ፥ ሌላው ጠባብ ይሆንና ሥዕሉ ይዛባል። በትርጕሙ ጊዜ ሥዕሉ በጥቂቱ ከዘገየም፥ ጣት ከተጫነ በኋላ የሚዘለው ሰውዬ ዘግይቶ ይዘላል፤ ስለዚህ ፈታኞቹ በፈጣን ካሜራ እያነሡ መዘግየቱን ይለካሉ።

ሌሎቹ ድንጋዩን በሚሞላ የሊቲየም ባትሪ ይተካሉ። በዚህ ጊዜ ሌላ ችግር ይመጣል። ብሩሁ መስተዋት ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ አሮጌው ኀይል መጣኝ ሊደክም ይችላል፤ ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው አዲስ ክፍል ደግሞ በድምፅ ማጕያው ውስጥ እንደ ንብ ያለ ጕርምርምታ ያስገባል። ስለዚህ ሽቦ ማሳጠር፥ ኮንደንሰር መጨመር፥ እንደገና መለካት ግድ ነው። ከሁሉም የሚያስመሰግናቸው ግን የደረሱበትን ለብቻቸው አለመደበቃቸው ነው፤ የመሣሪያውን የውስጥ መሥመር አንድ በአንድ ተከታትለው ንድፉን ያወጡ ሰዎች ለማንም እንዲደርስ አድርገዋል።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ከአገራችን ሩቅ አይደለም። በ2012 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ላሉ፥ ፊደል ላልቈጠሩ ልጆች የታሸጉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደ ተናገረው፥ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ እንዳይሠራ ተቈልፎ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። ማንም አላዘዛቸውም፤ የተቈለፈ ነገር አዩና ለምን እንደ ተቈለፈ ለማወቅ ፈለጉ።

በየከተማችንስ ቢሆን የሬዲዮና የስልክ ጠጋኙ ከዚህ የተለየ ምን ይሠራል? ከሞተው ስልክ ድምፅ ማጕያ አውጥቶ ለታመመው ይሰጣል፤ ከተሰበረው መብራት አምፖል ነቅሎ ሌላ ያበራል። ጐደለው የምንለው የእጅ ጥበብ አይደለም፤ የተሞከረውን መለካትና የተለካውን መጻፍ ነው።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ልጁ ምክሬን አልሰማም፤ እንኳንም አልሰማ። ከሳምንት በኋላ በከተማችን ካለ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ዘንድ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ይዞት የሄደው የስልክ ባትሪ እንደ ሊጥ ያበጠ ነበርና ሽማግሌው ወዲያው ከእጁ ነጥቀው ደጅ አኖሩት። ትክክል ናቸው፤ የሊቲየም ባትሪ ካበጠ፥ ከተበሳ ወይም ሲሞላ ከ4.2 ቮልት ካለፈ፥ ሊነድ ይችላል። ልጁ ሲደነግጥ፥ «አብሽር፤ እጅህ ሳይቃጠል መማርህ ትርፍ ነው» አሉት።

ጤነኛ ባትሪ ተገኝቶ በቀጥታ ቢያያዝ፥ የመሣሪያው ቀይ መብራት ደብዝዞ ጠፋ። አራቱ ድንጋዮች በአንድነት 6 ቮልት ሲሰጡ፥ የስልክ ባትሪ የሚሰጠው 3.7 ያህል ነውና። በሦስተኛው ሙከራ ከተበላሸ ፓወር ባንክ ውስጥ ቮልቱን ወደ 5 ከፍ የሚያደርገውን ክፍል አወጡ። ይኸው ክፍል ባትሪው ሲሞላ ከልክ እንዳያልፍም ይጠብቃል። ሁሉን በሸክላ ምጣድ ላይ አስቀምጠው፥ ከቤት ውጭ፥ በቴስተር እየለኩ ሞከሩት። በራ! ጕርምርምታው መጣ፤ ሽቦውን አሳጥረው ቢገምዱት ቀነሰ። ልጁም በየሩብ ሰዓቱ ቮልቱን በደብተሩ እየጻፈ አራት ሰዓት ከሩብ እንደ ሠራ አረጋገጠ።

እኔን ያሳፈረኝ ግን የዚያ ደብተር ሌላ ገጽ ነው። ልጁ ፀሐይ ላይ የተሰጡትን ድንጋዮችም ለክቷቸው ኖሯል፤ ከመሰጣታቸው በፊት፥ እንደ ተነሡ፥ ከግማሽ ሰዓት በኋላም፤ ሁልጊዜ ትንሽ አምፖል እያበሩ። ሲሞቁ ቮልታቸው ከፍ ይላል፤ ጥቂት ቈይቶ ይወድቃል። ምክንያቱም ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ ያለውን የኬሚካል ሥራ ያፋጥናል፥ የውስጥ ተቃውሞውንም ይቀንሳል፤ ያለቀውን ግን አይመልስም። የአባቶቻችን ልማድ ውሸት አልነበረም፤ ዕድሜው አጭር ነው እንጂ። ይህን ትምህርት እኔ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ሁለት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ተማሪ ዓይኑን ከፍቶ ሲሰማኝ ግን ያየሁት ከዚያ ደብተር ያነበብሁላቸው ቀን ነው።

የመስተዋቱ ነገር ገና አልተፈታም። መብራት ለማስገባት አንጸባራቂው ሽፋን ከጀርባው መላጥ አለበት፤ በዚህ ጊዜ ብዙ መስተዋት ተሰንጥቋል፤ የልጁም አንድ ብቻ ነው። ሽማግሌው፥ «በማትተካው ዕቃ እጅህን አታፍታታ፤ መጀመሪያ በሞተ ስልክ መስተዋት ተለማመድ» ብለው ከለከሉት። እርሱም ተስማማ፤ ፈተናውን እስኪጨርስ ሣጥኑን ለታናሽ እኅቱ ሰጥቷታል።

ትናንት ከክፍል ስወጣ ልጅቱ ከዚያው ግድግዳ ሥር፥ ነጠላዋን ተከናንባ፥ መስተዋቱን ወደ ፀሐይ አዘንብላ ስትጫወት አየኋት። ፀሐይዋ እየዞረች ስትሄድ እርሷም ግድግዳውን እየተከተለች ትዞራለች። ወንድሟ ከጐኗ የፊዚክስ መጽሐፉን ይዞ ተቀምጧል። ዓይኑ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ ወደ ጨለማው መስተዋት ያዘወትር ነበር፤ እኔም በዚህ ጊዜ አልገሠጽሁትም።