የመገንጠል ሒሳብ፦ ግብሩ የማን ነው?

በኮልፌ ቀራኒዮ በኩል የሚወጣው የጅማ መንገድ አየር ጤናንና ካራ ቆሬን አልፎ ዓለም ገና ሲደርስ ግብር ሰብሳቢው ይለወጣል። ካራ ቆሬ ያለው ባለሱቅ የንግድ ትርፍ ግብሩን ለአዲስ አበባ፣ ዓለም ገና ያለው ደግሞ ለኦሮሚያ ይከፍላል። ሁለቱም መደርደሪያ ላይ ያለው የቻይና ፔርሙስ ሲገባ የተከፈለበት ቀረጥ ግን የፌዴራል መንግሥት ነው። «ክልላችን ብቻውን መቆም ይችላል» የሚለው ሙግት መሠረቱ ይኸው ክፍፍል ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የጉምሩክ ቀረጥን ለፌዴራል (አንቀጽ 96)፣ የግለሰብ ነጋዴና የገበሬ ግብርን ለክልል (አንቀጽ 97) ሰጥቷል፤ የኩባንያ ትርፍና ትልልቅ ማዕድን የጋራ ናቸው። ዳጎስ ያለው ገቢ መሐል ስለሚቀር፣ አብዛኞቹ ክልሎች የፌዴሬሽን ምክር ቤት በቀመር የሚደለድለውን ድጎማ ይጠብቃሉ። ቡና ወይም ወርቅ ያለው አካባቢ «በእኛ ሀብት ሌላው ይለማል» ይላል። ቡናው ግን ወደብ የሚደርሰው በጋራ በተሠራ መንገድ ነው። ድጎማው የፖለቲካ መሣሪያ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከርራል፤ በ2013 መጀመሪያ ምክር ቤቱ የትግራይ በጀት የክልሉን አመራር አልፎ ለታችኛው አስተዳደር እንዲደርስ ወሰነ፣ ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ፈነዳ።

አንቀጽ 39 የመገንጠልን ሥርዓት በዝርዝር ያስቀምጣል፤ የጠያቂው ብሔር ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ። ስለ ሀብት የሚለው ግን ክፍፍሉ በሕግ ይፈጸማል ብቻ ነው። ዕዳው፣ መገበያያ ገንዘቡ፣ ወደቡ አልተነሳም። ሕዝብ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ይህን ሒሳብ ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ኤርትራ ላይ የሆነው ሌላ እንድል አይፈቅድልኝም።

በሚያዝያ 1985 ሕዝበ ውሳኔ 99.8 በመቶው ነፃነትን መረጠ። ሁለቱ አገሮች ግን ከዚያም በኋላ አራት ዓመት ያህል በአንድ ብር ተገበያዩ፤ የኢትዮጵያ ጭነትም በአሰብ ይገባ ነበር። በ1990 መጀመሪያ ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን አውጥታ ከብር እኩል ይመንዘር ስትል፣ ኢትዮጵያ ከጥቃቅን የድንበር ንግድ በቀር ግብይቱ በኤልሲና በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች። ወራት ሳይቆይ በባድመ ተኩስ ተከፈተ። ጠቡን ገንዘብ ብቻ አላመጣውም፤ የቀረውን መተማመን ግን በልቶታል። የኢትዮጵያ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ አሰብም ሥራ ፈታ።

ደቡብ ሱዳን በ2003 ስትለይ አብዛኛውን ነዳጅ ይዛ ወጣች፤ ወደ ባሕር የሚያደርሰው ቧንቧ ግን በሱዳን ምድር ቀረ። በማስተላለፊያው ክፍያ ሳይስማሙ ቀርተው በጥር 2004 ጁባ የበጀቷ ምንጭ የሆነውን ምርት ራሷ አቆመች።